አቦኤሊ

ነገሩ የጀመረው ሶፋ ላይ ነው። እኔና ልጄ ተጠጋግተን ስለ ዱር እንስሳት የሚያሳይ ፕሮግራም እያየን ነበር። አንዲት አቦሸማኔ ሣር ውስጥ አድፍጣ ቆየች፣ ቆየች፣ ከዚያ ተወርውራ አንዲት ሚዳቋ ያዘች። ልጄ ለሚዳቋዋ ልታለቅስ ስትል ካሜራው ዞሮ ሦስት የተራቡ ግልገሎች አሳየን፤ ለማን ማዘን እንዳለባት ግራ ገባት። አቦሸማኔዋ ግን ወዲያው አልበላችም። ጎኗ እየተርገበገበ፣ አፏን ከፍታ እያለከለከች ካደነችው አጠገብ ተቀመጠች። ትንፋሿ ሳይመለስ ጅብ መጣ። አንድ ብቻ። አየችው፣ ተነሳች፣ ሄደች።

"እማዬ፣ ለምን አትነክሰውም?"

"ከተጎዳች መሮጥ አትችልም። መሮጥ ካልቻለች ማደን አትችልም። ያኔ ልጆቿም ይራባሉ" አልኳት።

ሰባት ዓመቷ ነው። ይህ መልስ ለሰባት ዓመት ልጅ በቂ አይደለም፤ ለእኔም በቂ አልነበረም። ዝም ብላ ቆየችና "እንደ ኤሊ ቅርፊት ቢኖራትስ? ሥጋውን ሆዷ ስር ደብቃ ቁጭ ትላለች። ጅቡ ይሰለቸውና ይሄዳል" አለች።

በዚያው ምሽት ሳልናት። ረጃጅም እግሮች፣ ትንሽ ጭንቅላት፣ ከዓይን እስከ አፍ የሚወርዱት ሁለት ጥቁር መስመሮች፣ ነጠብጣብ ያለበት ቆዳ። ጀርባዋ ላይ ደግሞ ጉብ ያለ የኤሊ ቅርፊት፣ እሱም ነጠብጣብ ያለበት። ስም ያወጣችላት ልጄ ናት። አቦሸማኔና ኤሊ፤ አቦኤሊ።

ልጄ ሥዕሉን ፍሪጅ ላይ ለጥፋ ተኛች። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያቺ እናት ጅቡን አይታ የተነሳችበት አነሳስ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። አልተቆጣችም፣ አልጮኸችም፣ ለምዳዋለች። እና በውስጤ "እውነት ቅርፊት ቢኖራትስ?" የሚል ጥያቄ ቀረ። የልጅ ጥያቄ መስሎኝ ነበር የጀመርኩት። በኋላ ግን ለሳምንታት፣ ማታ ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ፣ ስለ አቦሸማኔና ስለ ኤሊ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። አቦኤሊን በትክክል ልሠራት ፈልጌ ነበር። የምትሮጥ፣ የማትዘረፍ፣ ልጆቿን የምታሳድግ።

ሰው በሐሳቡ እንስሳ ማዳቀል የጀመረው ዛሬ አይደለም። ጥንት ሮማውያን ቀጭኔን ሲያዩ የግመልና የነብር ድቅል መስላቸው ነበር፤ ቁመቷ የግመል፣ ቆዳዋ የነብር። ጁሊየስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ቀጭኔ ሮም ሲያስገባ ሕዝቡ የጠራት "ግመል-ነብር" በሚል ስም ነው። ስሙ እስከ ዛሬም አልለቀቃትም፤ ሳይንሳዊ መጠሪያዋ ውስጥ "ካሜሎፓርዳሊስ" የሚለው ቃል አለ። በተቃራኒው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1799 ጆርጅ ሾው የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከአውስትራሊያ የተላከለትን ፕላቲፐስ የሚባል እንስሳ ቆዳ ሲያይ፣ አንድ ሰው የዳክዬ አፍ በሌላ እንስሳ ገላ ላይ ሰፍቶ ሊያታልለው የሞከረ መሰለው። አንዷ ድቅል ሳትሆን ድቅል ተባለች፤ ሌላው እውነተኛ ሆኖ ሳለ የተሰፋ ተባለ። ሁለቱም ራሳቸውን የቻሉ ሙሉ እንስሳት ናቸው። እኛ ግን አዲስ ነገር ስናይ በምናውቃቸው ነገሮች ቆራርጠን ካልገጣጠምነው አይዋጥልንም።

ልጄ በማግስቱ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ "አቦኤሊ አባቷ ማነው?" የሚል ነበር። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል፤ ነገርኳትና ሳቀች። ከዚያ ስለ በቅሎ እውነተኛውን ነገር አስረዳኋት። ፈረስ 64 ክሮሞዞም አለው፣ አህያ 62። በቅሎ ከሁለቱ ግማሽ ግማሽ ወስዳ 63 ይኖራታል። 63 ደግሞ ለመውለድ እንደሚያስፈልገው ለሁለት እኩል አይከፈልም። በቅሎ ጠንካራ ናት፣ ብልህ ናት፣ ግን አትወልድም ማለት ይቻላል።

በዱርም መዳቀል አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ አንድ አዳኝ የገደለው ድብ መልኩ ግራ ያጋባ ነበር፤ ጸጉሩ ነጣ ያለ፣ ጥፍሩ ረጅም፣ ዓይኑ ዙሪያ ጠቆር ያለ። ዲኤንኤው ሲመረመር እናቱ የዋልታ ድብ፣ አባቱ ግሪዝሊ የሚባል ቡናማ ድብ ሆነው ተገኙ። ከሁሉም የገረመኝ ግን የግሪንላንዱ የራስ ቅል ነው። ለዓመታት ምን እንደሆነ ሲያነጋግር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2019 በዲኤንኤ ተረጋገጠ፤ ናርዋል ከምትባል ጥርሷ እንደ ጦር ከሚረዝም የባሕር እንስሳ ዘር ከሆነች እናትና ቤሉጋ ከሚባል ነጭ ዓሣ ነባሪ አባት የተወለደ። የዚህ ፍጡር ጥርሶች የእናቱንም የአባቱንም አይመስሉም ነበር። አጥንቱ ሲጠና ደግሞ ምግቡም የተለየ ሆነ፤ ወላጆቹ ከሚያድኑበት ውኃ ወርዶ የባሕሩን ወለል እየቃኘ ይበላ እንደነበር የሚጠቁም ምልክት አገኙ። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። እኔ አቦኤሊን ሳስብ ከእናቷ ፍጥነቱን፣ ከአባቷ ጋሻውን እየመረጥኩ እሰጣታለሁ ብዬ ነበር። ዱር ውስጥ ግን መራጭ የለም። ልጅ ከሁለቱ የሚያምረውን ብቻ ለቅሞ አይወጣም፤ ሦስተኛ ነገር ሆኖ ይወጣል።

ዝምድና ደግሞ ወሰን አለው። አንዴ ብቻ ተስፋ ሰጠኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ይፋ ባደረጉት ሥራ፣ የሩሲያ ስተርጅንና የአሜሪካ ፓድልፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሦች ሳይታሰብ ተዳቅለው ነበር፤ ቅድመ አያቶቻቸው ከተለያዩ ወደ 184 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል። ይቻላል ማለት ነው አልኩ። ከዚያ የአቦሸማኔንና የኤሊን አየሁ። አጥቢዎችና ተሳቢዎች መንገድ የለዩት ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። አንዷ ደሟ ሙቅ ነው፣ ሌላዋ ፀሐይ ካላየች አትሞቅም። አንዷ ትወልዳለች፣ ሌላዋ እንቁላል ትጥላለች። በመወለድ በኩል በሩ ተዘጋ። በወረቀት ላይ ግን ክፍት ነው፤ እኔም ልጄም የያዝነው እርሳስ ነው።

አቦሸማኔን ሳጠና መጀመሪያ የገባኝ፣ ሁለመናዋ ለአንድ ነገር የተሰጠ መሆኑ ነው። ጭንቅላቷ ትንሽ ነው፣ እንዳይከብዳት። የአፍንጫዋ ቀዳዳ ሰፊ ነው፣ አየር እንዲገባላት፤ ለዚያ ቦታ ሲለቀቅ ግን ለትልልቅ የክራንቻ ጥርስ የሚሆን ቦታ ጠበበ። ጥፍሯ እንደ ሌሎቹ ድመቶች ሙሉ በሙሉ አይሸሸግም፤ እንደ ሯጭ ጫማ እሾህ መሬት ይቆነጥጣል፣ በዚያው ግን ይደንዛል። አንበሳ የሚጣላበትን ጥርስና ጥፍር እሷ ለሩጫ ከፍላዋለች። ጅቡን አይታ የተነሳችው ፈሪ ስለሆነች አይደለም። የምትጣላበትን መሣሪያ ከብዙ ትውልድ በፊት ሰጥታ ፍጥነት ስለገዛችበት ነው።

ፍጥነቱም ቢሆን እኔ እንደማስበው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሣራ የተባለች በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ የምትኖር አቦሸማኔ 100 ሜትር በ5.95 ሰከንድ ሮጣለች። ይህ ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ ነው። በ2013 ደግሞ ቦትስዋና ውስጥ በአቦሸማኔዎች አንገት ላይ መለኪያ አስረው በዱር ያለውን ሩጫ ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ከፍተኛው በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ቢደርስም አብዛኛው አደን ከዚያ በጣም ባነሰ ፍጥነት እንደሚካሄድ አገኙ። ዋናው ነገር መፍጠኑ ብቻ አልነበረም። ድንገት መነሳቱ፣ ድንገት ማቆሙና በሩጫ መሐል መታጠፉ ነው። ሚዳቋ ቀጥ ብላ አትሮጥም፤ ትታጠፋለች፣ ትዘላለች፣ ታታልላለች። አቦሸማኔም ጭራዋን እንደ መሪ እያወዛወዘች ተከትላት መታጠፍ አለባት።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ጀርባዋ ነው። አከርካሪዋ እንደ ቀስት ይለመጣል። አራቱም እግሮቿ ከሆዷ ስር ሲሰበሰቡ ጀርባዋ ወደ ላይ ይጎብጣል፤ ሲዘረጉ ደግሞ ይለጠጣል። ለዚያ ነው አንድ እርምጃዋ 7 ሜትር ገደማ ሊሸፍን የሚችለው። በአንድ እርምጃ ውስጥ ሁለት ጊዜ አራቱም እግሮቿ መሬት ይለቅቃሉ። የትከሻዋ ጠፍጣፋ አጥንቶች ከሌላው አጥንት ጋር አልተቆለፉም፤ በጡንቻ ተይዘው በጎን አጥንቶቿ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታሉ፣ እርምጃዋንም ያረዝማሉ። ስትሮጥ ጀርባዋን በዝግታ ቀድተው ሲያሳዩ አይታችሁ ከሆነ፣ ውኃ ሲሄድ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ወደ ኤሊ ዞርኩ።

እዚህ ላይ ነው የተሸነፍኩት። እኔ እስከዚያ ቀን የኤሊ ቅርፊት የምትኖርበት ቤት ይመስለኝ ነበር። ኤሊ ውስጡ ገብታ የተቀመጠች፣ ብትፈልግ ልትወጣ የምትችል። ቅርፊቱ ግን ራሷ ናት። ከ50 በላይ አጥንቶች ተጋጥመው የሠሩት ነው፤ የጀርባው ክፍል የጎን አጥንቶቿና አከርካሪዋ ሰፍተውና ተያይዘው የሆኑት ነው። ከላይ የምናየው እንደ ጥፍር ባለ ነገር ተሸፍኗል። ሲነካ ይሰማታል፤ ነርቭ አለው። ኤሊን ከቅርፊቷ ማውጣት ሰውን ከጎን አጥንቱ ማውጣት ማለት ነው።

የትከሻ አጥንቷን ነገር ሳነብ ደግሞ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። በእኛ፣ በድመት፣ በወፍ፣ በአብዛኛው እንስሳ የትከሻ አጥንት ከጎን አጥንቶች ውጭ ነው ያለው። በኤሊ ግን ውስጥ ነው። የራሷ ጎን አጥንቶች ትከሻዋን ከበው ይዘውታል። ስለዚህ አቦሸማኔ በነጻነት የምታንሸራትተው ያ አጥንት፣ ያ እርምጃዋን የሚያረዝምላት፣ ኤሊ ጋ ተከድኖበታል።

ነገሩ ይህ ነው። ልጄ ለአቦሸማኔዋ ልትሰጣት የፈለገችው ቅርፊት የሚሠራው ከአከርካሪና ከጎን አጥንት ነው። አቦሸማኔዋ የምትሮጠውም በአከርካሪዋ ነው። ቅርፊቱን ለመስጠት የሚቆለፈው አጥንትና ለመሮጥ የሚለመጠው አጥንት አንድ ነው።

ትንፋሽም አለ። የኤሊ የጎን አጥንቶች ስለተቆለፉ ደረቷ አይነፋም። በሆዷና በጎኗ ውስጥ ባሉ ልዩ ጡንቻዎች ሳንባዋን እየገፋችና እየሳበች ነው የምትተነፍሰው። ለኤሊ ኑሮ ይበቃል። ያቺ በቴሌቪዥን ያየናት እናት፣ ጎኗ እንደዚያ ሲርገበገብ የነበረው ግን የጎን አጥንቶቿ ስለሚላወሱ ነው። አቦኤሊ አንዴ ሮጣ ብትቆም፣ ትንፋሿን የምትመልስበት ቦታ የላትም።

ለልጄ ይህን እንዴት እንደምነግራት አላወቅኩም ነበር። ሁለት እጆቿን ጀርባዋ ላይ አድርጋ እንድትጎነበስ አደረግኳትና "አሁን ጀርባሽን ሳታጥፊ ሩጪ" አልኳት። ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ሮጠች። እንደ እንጨት ደርቃ፣ እየተንገዳገደች። ተመልሳ "ከበደኝ" አለች። ከዚያ ፍሪጁ ጋ ሄዳ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየችው። አላወረደችውም።

እኔም ተስፋ አልቆረጥኩም። እልህ ያዘኝ። ቅርፊቱን ላሳንሰው አልኩ። ላሳሳው አልኩ። ስለ ኤሊ ጥንተ ታሪክ አነበብኩ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ውስጥ መገኘቱ ይፋ የሆነ የ220 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቅሪተ አካል አለ፣ ሆዷ ላይ ሙሉ ቅርፊት ያላት፣ ጀርባዋ ላይ ግን ገና ያልተዘጋ። ግማሽ ኤሊ። ከዚያም በፊት፣ 260 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የጎን አጥንቱ ብቻ የሰፋ አንድ ፍጡር ነበረ። የሚገርመው፣ ተመራማሪዎች በ2016 ባቀረቡት ሐሳብ የዚህ ፍጡር የጎን አጥንት መጀመሪያ የሰፋው ለመከላከያ ሳይሆን መሬት ለመቆፈር እንዲያግዝ ነው ይላሉ፤ ሲቆፍር ገላውን አጽንቶ እንዲይዝለት። ጋሻነቱ በኋላ የመጣ ነው። ዝግታውም ያኔ የተጀመረ ነው፤ የጎን አጥንት ሲሰፋ ጀርባ ይደርቃል፣ ጀርባ ሲደርቅ ሩጫ ይቀራል። ግማሽ ቅርፊትም ቢሆን ከሩጫ ላይ ይቆርጣል ማለት ነው።

አንድ ቀን ግን ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። ኬንያና ታንዛኒያ ውስጥ የምትኖር አንዲት ኤሊ አለች፤ ቅርፊቷ ጠፍጣፋ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሲጫኑት ይለመጣል። እንደ ሌሎቹ አደጋ ሲመጣ ጭንቅላቷን ሰብስባ አትጠብቅም። ትሮጣለች። እውነት ትሮጣለች፣ ለኤሊ በጣም ፈጣን ናት፤ ሮጣም የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትገባና ትሸጎጣለች፣ ማንም አያወጣትም። ልጄን ከእንቅልፏ ልቀሰቅሳት ምንም አልቀረኝም ነበር። ወደ አቦሸማኔ መንገድ የጀመረች ኤሊ! እሷም ግን የከፈለችው አለ። ለሩጫው ስትል የቅርፊቷን ጥንካሬ ሰጥታለች። ስንጥቁ ከሌለ ራቁቷን ናት።

ጠንካራ ቅርፊት ያላቸውም ቢሆኑ ሁልጊዜ አይድኑም። ንስር ኤሊን አንስቶ ከሰማይ ድንጋይ ላይ ይለቃታል፣ እስክትሰበር። ከእንቁላል የወጡ ጨቅላ ኤሊዎች ቅርፊታቸው ገና ለስላሳ ስለሆነ ቁራ እንኳ ይወጋቸዋል። ጋሻው የሚጠነክረው እነሱ ካደጉ በኋላ ነው፤ በጣም በሚያስፈልጋቸው ጊዜ የላቸውም።

የኤሊን ጽናት ግን አላቃልለውም። እ.ኤ.አ. በ1968 ሶቪየቶች ዞንድ 5 በምትባል መንኮራኩር ሁለት ኤሊዎች ልከው ጨረቃን ዞረው በሕይወት ተመልሰዋል፤ ሰው ወደዚያ ከመሄዱ ከወራት በፊት። ቅድስት ሄለና ደሴት ላይ ያለው ጆናታን የሚባለው ግዙፍ ኤሊ በ1832 አካባቢ እንደተወለደ ይታመናል። አቦሸማኔ በዱር 10 እና 12 ዓመት ከኖረች ብዙ ኖራለች። አንዷ ሕይወቷን አጣጥፋ ለረጅም ጊዜ ታስቀምጣለች፣ ሌላዋ በሰከንዶች ታወጣዋለች። ሁለቱን አንድ ገላ ውስጥ ማኖር የፈለግኩት ለምን እንደሆነ ራሴን የጠየቅኩት እዚህ ደርሼ ነው።

ልጄ አንድ ማታ "አቦኤሊ እንቁላል ትጥላለች ወይስ ትወልዳለች?" አለችኝ። ስለዚህ ስለ እናቶች አወራን። ኤሊ ጉድጓድ ቆፍራ እንቁላሏን ትቀብርና ትሄዳለች። አትመለስም። በብዙ የኤሊ ዝርያዎች ልጁ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በአፈሩ ሙቀት ነው፤ ሞቅ ካለ ሴት፣ ቀዝቀዝ ካለ ወንድ። እናትየው የምትሰጠው ቦታውን መርጣ ብቻ ነው፤ ቀሪውን መሬት ያሳድገዋል። አቦሸማኔ ግን ብቻዋን ታሳድጋለች። አባት አያግዝም። ግልገሎቿን በየጥቂት ቀኑ አንድ በአንድ በአፏ አንጠልጥላ ቦታ ትቀይራለች፣ ሽታቸው እንዳይጠራቀም። ሣር ውስጥ ትደብቃቸውና ለማደን ትሄዳለች፤ አንዳንዴ ለሰዓታት። ከጎናቸው ብትቀመጥ ይራባሉ፣ ብትሄድ አንበሳ ሊያገኛቸው ይችላል። አንድ ዓመት ተኩል ገደማ እንዲህ ትኖራለች። ብዙ ግልገሎች አያድጉም።

ይህን ስነግራት ድምፄ ተቀየረ መሰለኝ፣ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ብቻዬን ነው የማሳድጋት። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ስለያት ሳልዞር መሄድ የማልችልባቸው ቀኖች አሉ። ለአቦሸማኔዋ ቅርፊት የፈለግኩት ለሥጋው ብቻ አልነበረም።

አንድ ጥናት ከዚህ በኋላ ሳነብ አልረሳውም። ለረጅም ጊዜ አቦሸማኔ ሩጫዋን የምታቋርጠው ገላዋ ከመጠን በላይ ስለሚግል ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ናሚቢያ ውስጥ ያሉ አቦሸማኔዎችን የገላ ሙቀት የለኩ ተመራማሪዎች ግን ስትሮጥ ያን ያህል እንደማትግል አገኙ። ሙቀቷ የሚጨምረው ካቆመች በኋላ ነው። ይልቁንም አደኑ ከተሳካላት፣ ካልተሳካላት የበለጠ ትግላለች። ለምን? ተመራማሪዎቹ የገመቱት፣ ያደነችው አጠገብ ተቀምጣ አሁን ማን ይመጣብኛል ብላ ስለምትጨነቅ ነው። ያቺ በቴሌቪዥን ያየናት እናት አጠገባችን ያለች ያህል ተሰማኝ። የሚያቃጥላት ሩጫው አይደለም። ያገኘችውን ይዛ መቀመጡ ነው።

እና ከዚያ፣ ፍለጋዬን ላቆም ስል፣ ያገኘሁት ነገር ይኸው።

የአቦሸማኔ ግልገሎች ሲወለዱ ጀርባቸው ላይ፣ ከአንገት እስከ ጭራ፣ ረጅም ግራጫ ጸጉር አላቸው። እንደ ካባ። ሆዳቸው ጠቆር ያለ ነው። ፕሮግራሙ ላይ አይተናቸው ነበር፣ ልጄ "ሽበት አላቸው" ብላ ነበር። ያ ጸጉር ሣር ውስጥ እንደሚደብቃቸው ይታሰባል። ግን ሌላም የሚባል ነገር አለ። ማር የሚወድ፣ ጀርባው ነጣ ያለ ግራጫ፣ ሆዱ ጥቁር የሆነ፣ የማር ባጀር የሚባል አንድ ትንሽ አውሬ አለ፤ ቆዳው ወፍራምና ልል፣ ቁጡ፣ አንበሳ ፊት እንኳ የማይሸሽ። ትልልቆቹ አዳኞች ሳይቀሩ በዋዛ አይነኩትም። ግልገሎቹ ከሩቅ ሲታዩ እሱን ይመስላሉ። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች ያ ካባ ግልገሎቹ የዚያን ቁጡ አውሬ መልክ እንዲይዙ የሚያደርግ ነው ይላሉ።

እኔ ለሳምንታት ሁለት የዱር እንስሳት በአንድ ገላ እፈልግ ነበር። ነበሩ። ቅርፊት የለም፣ የተቆለፈ አጥንት የለም፣ ክብደት የለም። ጸጉር ብቻ ነው። የሚሮጡበትን ጀርባ አይነካውም። መሮጥ ሲጀምሩ፣ ሦስት ወር ካለፋቸው በኋላ፣ ካባው እየሳሳ ይሄዳል። አያድናቸውም ማለት አልችልም፤ ሁሉንም ያድናቸዋል ማለትም አልችልም። ብዙዎቹ ይሞታሉ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት አቦሸማኔዎች ወደ 7 ሺህ ብቻ እንደሚሆኑ ይገመታል። እርስ በርሳቸው ከመመሳሰላቸው የተነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአንዱ ቆዳ ለማይዛመደው ለሌላው ሲተከል ገላው የራሱ መስሎት ተቀብሎታል፤ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ሊጠፉ ደርሰው ከጥቂቶች እንደተረፉ የሚያሳይ ምልክት ነው። ያ ካባ ከእነዚያ ጥቂቶች ጋር አብሮ አልፎ መጥቷል።

ይህን ሁሉ ለልጄ አልነገርኳትም። ስለ ካባው ብቻ ነገርኳት። ፎቶውን አሳየኋት፣ የግልገሉንና የቁጡውን አውሬ ጎን ለጎን። ዓይኗ ፈጠጠ። "ተመሳስላ ነው የምትጠብቀው?" አለች። አዎ አልኳት።

ወረቀትና እርሳስ አመጣች። አቦኤሊን ከፍሪጁ ላይ አላነሳቻትም፤ አጠገቧ የሚለጠፍ አዲስ መሳል ጀመረች። መጀመሪያ ሣሩን፣ በጣም ረጅም ሣር፣ ወረቀቱን ግማሽ የሞላ። ከዚያ በሣሩ መሐል ሦስት ትንንሽ ጭንቅላቶች፣ ሁለት ሁለት ጥቁር መስመር ያላቸው። ከዚያ ግራጫውን ቀለም ይዛ፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ ጀርባቸውን በጥንቃቄ ቀባች። እስክትጨርስ ጠበቅኳት። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

"እናታቸውስ የት አለች?" አልኳት።

ቀና ሳትል፣ የሦስተኛውን ጭራ እያጠቆረች፣ "ልታድን ሄዳለች፣ ትመጣለች" አለችኝ።